ቅምሻና ገበታ

ገበያ ወጥታችሁ ቅቤ ስትገዙ ቆንጠር አድርጎ ማሽተትና መቅመስ ያለ ነው። ባለቅቤዋም አትቀየማችሁም፤ ሙዝ የተደባለቀበት ቅቤ በሚሸጥበት ዘመን ሳይቀምሱ መግዛት ሞኝነት መሆኑን እሷም ታውቃለች። ነገር ግን “ቅሉን ቤቴ ወስጄ ለሳምንት ልሞክረው” የሚል ገዢ ቢመጣ ምን እንደምትለው እናንተው ገምቱት።

በየማስታወቂያው የማየው “የሙያ ፈተና” የሚሉት ነገር ይኼንን ገዢ ያስታውሰኛል። የምናገረው በኮንትራት ስለሚሠሩ ተርጓሚዎች፣ አርታኢዎች፣ ስለ ግራፊክስና ስለ ሶፍትዌር ባለሙያዎች ነው። ድርጅቱ ሲቪውን ተቀብሎ፣ የቀድሞ ሥራቸውን አይቶ ሲያበቃ “እስቲ ይቺን ብቻ ሠርተህ አምጣ” ይላል። “ይቺ” የተባለችው አሥራ አምስት ገጽ ሆና ትገኛለች። ክፍያ የለም፤ ብዙ ጊዜ መልስም የለም።

“ምን ችግር አለው? አንተስ ስትፈትን አልኖርክም እንዴ?” የሚለኝ አይጠፋም። ኖሬያለሁ እንጂ! ፈተናን ከሥራ የምለየውም ለዚሁ ነው። በፈተና ጊዜ ፈታኙ መልሱን ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ከታረመ በኋላ ማንም ገንዘብ አያገኝበትም። የተማሪዎቹን መልስ ሰብስቦ በስሙ አሳትሞ የሸጠ መምህር ቢገኝ ምን እንለዋለን? መልሱ ለጠያቂው የሚሸጥ ዕቃ ከሆነ ያ ፈተና አይደለም፣ ሥራ ነው። ሥራ ደግሞ ዋጋ አለው።

የማውቃት አንዲት ተርጓሚ ለፈተና የአንድ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ተሰጣት። ለጓደኛዋ ሦስተኛው ደረሰው። ተንኮል ነው ብዬ አልምልም። ግን ተወዳዳሪዎችን ለማበላለጥ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ መስጠት አይቀልም ነበር?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በእነዚያ ቀናት ሠራተኛው ደመወዙን ያገኛል። መሞከር ተፈቅዷል፤ በነፃ ማሠራት ግን አልተፈቀደም። በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራው ሰው ከዚህ አዋጅ ውጪ ነው። የዓመት ዕረፍት የለው፣ የስንብት ክፍያ የለው፤ ያለው ጊዜው ብቻ ነው። እሱኑ በነፃ አምጣ ይባላል!

ቀጣሪዎችም እውነት አላቸው። ሐሰተኛ ዲፕሎማ አለ፤ ሌላ ሰው የሠራውን የኔ ነው ብሎ የሚያቀርብም ሞልቷል። “ልምዴ ይበቃል፣ አልፈተንም” ከሚሉት ጋር አልቆምም። ሃያ ዓመት ሲያበላሽ የኖረም ባለ ልምድ ነው።

እናም ፈትኑ። ግን አንድ ገጽ ወይም አንድ ሰዓት ይብቃ። ለሁሉም እኩል፣ ቀድሞ የተሠራ፣ ለእናንተ የማይጠቅም ነገር ስጡ። ከዚያ ካለፈ ክፈሉ። አራሚውም ሙያውን የሚያውቅ ይሁን፤ በቅኔ ቤት የተማሪውን ቅኔ የሚሰማው መምህሩ እንጂ በረኛው አይደለም። ለወደቀውም ወድቀሃል ማለት አይክበዳችሁ።

ወጣቶቹ “እኔ እምቢ ብል ሌላው ይሠራዋል” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የተራበ ሰው ብቻውን አያድምም። ቢሆንም “ለዚህ ስንት ትከፍላላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በዚህች ጥያቄ የሚቆጣ ቀጣሪ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ሒሳብ ሲጠየቅም መቆጣቱ አይቀርም። ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።