ሚሽኪንን ያፈቀርን፣ ጎረቤታችንን የሸሸን

የዶስቶየቭስኪን ልዑል ሚሽኪን የማይወድ የሥነ ጽሑፍ አፍቃሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ደራሲው ራሱ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1868 መታተም በጀመረው «ኢዲየት» ልብ ወለዱም የገዛ ሕመሙን ለልዑሉ አወረሰው። እኛም ስለ ሚሽኪን ንጹሕ ነፍስ አውርተን አንጠግብም። ደረጃው ላይ ሲወድቅ እንባ ይተናነቀናል።

ታዲያ ሚሽኪን ከመጽሐፉ ወጥቶ እፊታችን ሲወድቅ ምን እናደርጋለን?

እኔ ያደረግሁትን ልናዘዝ። በምሠራበት ባንክ፣ ከጎኔ ባለው መስኮት ይሠራ የነበረ ወጣት አንድ ቀን ብር እየቆጠረ ሳለ ወደቀ። ሰልፈኛው ተበተነ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አሸተተው፤ ሌላው «አትንኩት፣ ይጋባል!» እያለ ጮኸ። እኔ ግጥም ጸሐፊው ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። ልጁ ሲነቃ በመጀመሪያ ያየው የእኛን ዓይን ነበር። ወር ሳይሞላ ሥራውን ለቀቀ። ያባረረው አልነበረም፤ ምሳ አብሮት የሚቆርስ ግን ጠፍቶ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ፣ ያን ሰሞን ክኒኑ አልቆበት ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ «የለም፣ ሌላ ቀን ተመለስ» ተብሏል።

ያ «የለም» የተባለው ክኒን ብርቅ አይደለም። ፌኖባርቢታል ለዚህ ሕመም ማገልገል ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1912 ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በትክክል ቢታከሙ ከሕሙማኑ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ፤ በድሃ አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ ሕክምናውን አያገኙም። በእኛው አገር፣ በቡታጅራ ገጠር ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ ሕመሙ እንዳለበት አሳይተዋል። የነርቭ ሐኪሞቻችን ደግሞ በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባ ነው። ምድጃ ዳር ወድቃ የተቃጠለች የገጠር ልጅ ማን ዘንድ ትሂድ?

«ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ ብዕርን ምን አገባው?» የሚለኝ አይጠፋም። ክኒኑን ሐኪም ይሰጣል፤ ኀፍረቱን የሰጠነው ግን በቃል የምንኖር እኛ ነን። ባነበብኋቸው ታሪኮቻችን የሚወድቀው ሰው ወይ ጋኔን የያዘው ነው፣ ወይ የእርግማን ምልክት፣ ወይ መሳቂያ። ወድቆ የሚነሣ፣ ልብሱን አራግፎ ወደ ሥራው የሚመለስ፣ የሚያፈቅርና የሚዳር ገጸ ባሕርይ ግን አላገኘሁም። እናት ልጇን ጓዳ የምትደብቀው እኛ ያወረስናትን ቃል ፈርታ ነው።

ጸበሉን አልነካም። ወጣቱ ይጠመቅ፤ ክኒኑን ግን አይጣል። መድኃኒትን በድንገት ማቆም ሕይወት የሚቀጥፍ የማያባራ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። የጤና ሹማምንትም ይህ ርካሽ ክኒን ከመደርደሪያ ሲጠፋ «የበጀት እጥረት» አይበሉን፤ የእጥረቱን ዕዳ የሚከፍለው የወጣቱ አካል ነውና።

እኛም ክብሪቱን እንጣል። የወደቀውን በጎኑ እናስተኛው፤ ከራሱ ሥር ልብስ እናድርግ፤ አፉ ውስጥ ምንም አንክተት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም እናድርሰው። ሲነቃ የሚያየው ፊት የወዳጅ ፊት ይሁን።

በመጽሐፍ ሲወድቅ ልዑሉን አንስቼ፣
ከጎኔ ሲወድቅ ወንድሜን ግን ሸሽቼ፣
በምን ቃል ልጽፍ ነው፣ በየትኛው ብዕር፣
እጄ ካልደገፈው ሲወድቅ ከምድር?