ውርወራው ይቆጠራል፣ ክንዱ ግን ያልቃል

የአርሰናል ደጋፊ ፊት የጃክ ዊልሼርን ስም ማንሳት ያልዳነ ቁስል እንደመነካካት ነው። ልጁ በ2010/11 የውድድር ዓመት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና በ18 እና በ19 ዓመቱ ለአርሰናል 49 ጨዋታ ተሰለፈ። ኤምሬትስ ላይ ባርሴሎናን ሲያምስ ያየ ሁሉ “መጪው አስር ዓመት የዚህ ልጅ ነው” አለ። በቀጣዩ ዓመት ግን በጉዳት ምክንያት ለክለቡ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በ2022 ደግሞ በ30 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ቬንገር አብዝተውበታል፣ አላበዙበትም እያልን ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል!

ይህ ጭቅጭቅ በእኛ ዘንድ ካፌ ውስጥ ተነስቶ እዚያው ካፌ ውስጥ ይቀራል። አሜሪካኖች ግን በቤዝቦላቸው ላይ ሐኪም፣ ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ አሰልፈው ሲከራከሩበት ዘመናት አልፈዋል። “ቤዝቦል ደግሞ ምን አገባን?” የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ጨዋታው አይጥመኝም በሚል ሰው አልፈርድም፤ ሕጉ ራሱ በአንድ ቀን አይገባም። ሆኖም ተስፋ የተጣለበትን ታዳጊ ሳይሰብሩ ማሳደግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማየት የፈለገ ሰው የቤዝቦል ወርዋሪን ቢመለከት ይበቃዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርዋሪው (እነሱ ፒቸር ይሉታል) ከፍ ካለች አፈር ላይ ቆሞ 18 ሜትር ያህል ርቆ ወደቆመው መቺ ኳሷን በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር፣ ሲብስም 160 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይለቃታል። ጨዋታውን የሚጀምር ወርዋሪ በአንድ ቀን ከ90 እስከ 100 ጊዜ ያህል እንዲህ ይወረውርና አራት አምስት ቀን ያርፋል። የሰው ክርን ደግሞ ለዚህ አልተፈጠረም። በውስጥ በኩል ያለችው ጅማት እየሳሳች ሄዳ አንድ ቀን ትበጠሳለች። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ቶሚ ጆን የሚባለውን የዶጀርስ ወርዋሪ ክርን ከፍተው ከሌላ ቦታ በተወሰደ ጅማት ጠገኑለት። ሰውየው በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። ቀዶ ጥገናው እስከ ዛሬ የሚጠራው በሱ ስም ነው። ዛሬም ቢሆን ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ዓመት ከመንፈቅ ከሜዳ ያርቃል።

ልጆቹ የሚያድጉበት ቦታ ማይነር ሊግ ይባላል። 30ዎቹ የሜጀር ሊግ ክለቦች እያንዳንዳቸው በስራቸው በአራት እርከን አራት ቡድን አላቸው፤ ከ2021 ጀምሮ በድምሩ 120 ቡድን ማለት ነው። እኛ ከምናውቀው የታችኛው ዲቪዚዮን ጋር እንዳታምታቱት። እዚያ አንደኛ ወጥቶ ማደግ የለም፣ ዋንጫ የበላ ቡድን በዓመቱም እዚያው ነው። የሚያድገው ቡድኑ ሳይሆን ልጁ ነው። የወርዋሪው ባለቤት ትልቁ ክለብ ስለሆነ “ዛሬ ከ75 ውርወራ በላይ እንዳይሄድ” ከተባለ የትንሿ ከተማ አሰልጣኝ ልጁ ጨዋታውን እያሸነፈም ቢሆን ያስወጣዋል። ትኬት የቆረጠው ሕዝብ ቢጮህ ሰሚ የለውም።

ይህ ጥንቃቄ ከሰማይ አልወረደም፣ በሰው ክንድ ነው የተገዛው። በ2001 የቺካጎ ከብስ ማርክ ፕራየር የተባለ ወርዋሪ ከዩኒቨርሲቲ መለመለ። በማይነር ሊግ ብዙም ሳይቆይ በ2002 ዋናው ቡድን ገባ። በ2003፣ በ22 ዓመቱ፣ 18 ጨዋታ አሸንፎ 6 ብቻ ተሸነፈ። ከብስ ለዋንጫ ሲሯሯጥ በመስከረም ወር ብቻ ደጋግሞ ከ120 ውርወራ በላይ አስወረወሩት። መጨረሻውስ? በ2006፣ በ25 ዓመቱ፣ የመጨረሻውን የሜጀር ሊግ ጨዋታ አደረገ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በማይነር ሊግ ቢንከራተትም ተመልሶ አልወጣም። አሰልጣኙን ደስቲ ቤከርን እስከ ዛሬ የሚረግሙ ደጋፊዎች አሉ። እውነቱን ለመናገር ልጁ ከሌላ ተጫዋች ጋር ተጋጭቷል፣ በ2005 ደግሞ የተመታ ኳስ ክርኑን ሰብሮታል፤ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መቆለል አይቻልም። ያም ሆኖ ከፕራየር በኋላ ውርወራ የማይቆጥር ክለብ ጠፋ።

አሁን ወደ ዋሽንግተን እንሂድ፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በ2009 ዋሽንግተን ናሽናልስ ስቲቨን ስትራስበርግን በአንደኛ ምርጫ ወስዶ 15.1 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። በ2010 በማይነር ሊግ 11 ጨዋታ ብቻ ጀመረና ሰኔ ላይ ወደ ዋናው ቡድን አደገ። በመጀመሪያ ጨዋታው 14 የፒትስበርግ መቺዎችን በስትራይክ አሰናበተ። ከተማው አበደ! ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ክርኑ ተበጠሰና ቢላዋ ስር ገባ።

የእኔ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ድኖ ተመለሰ። በ2012 ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ የዋሽንግተን ቡድን ለመጨረሻ ጊዜ ለዋንጫ የተጫወተው በ1933 ነበር። የክለቡ ጄኔራል ማናጀር ማይክ ሪዞ ግን መስከረም ላይ “ስትራስበርግ ለዘንድሮ በቃው” ብለው ከ159 ኢኒንግ በኋላ አስቀመጡት። (አንድ ጨዋታ 9 ኢኒንግ ነው።) አስቡት እስቲ፣ ለዋንጫ ሩጫ ላይ ያለ ክለብ ዋና ተጫዋቹን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ወደ ቤቱ ሲልክ! በመጨረሻው ወሳኝ ጨዋታ ናሽናልስ ሴንት ሉዊስን 6 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 9 ለ 7 ተሸነፈ። ሪዞ ያልተሰደቡት ስድብ የለም።

እኔ ሪዞ ልክ ነበሩ ባይ ነኝ። ዋንጫ ለደጋፊው ነው፣ ክንዱ ግን የልጁ ነው። ደግሞም ያ ልጅ በ2019 ናሽናልስ ሂውስተንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ ተሸለመ። እስከዚህ ድረስ ተረት ነው የሚመስለው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የ7 ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ ከዚያ በኋላ የተጫወተው ግን 8 ጨዋታ ብቻ ነው። በ2024 ተሰናበተ። በጥንቃቄ የተያዘው ክንድም በመጨረሻ አለቀ።

“ታዲያ ቆጠራው ምን ፈየደ?” ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ክለቦቹ ውርወራ መቁጠር ከጀመሩ ወዲህ ጉዳት መቀነስ ሲገባው ጨምሯል። ሜጀር ሊግ ራሱ ከ200 በላይ ባለሙያዎችን አነጋግሮ በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ጥናት ጣቱን የቀሰረው ፍጥነት ላይ ነው። በ2008 በሊጉ የቀጥታ ኳስ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 91.3 ማይል ነበር፤ በ2024 94.2 ማይል ደረሰ። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፤ ለጅማት ግን ትንሽ አይደለችም። ድሮ ወርዋሪ ኃይሉን ቆጥቦ ለጭንቅ ሰዓት ያስቀምጥ ነበር። ዛሬ እያንዳንዷን ኳስ ባለ በሌለ ኃይሉ ይለቃል፣ ምክንያቱም ከአምስት ኢኒንግ በኋላ እንደሚያስወጡት ያውቃል። እንግዲህ ቆጠራው ራሱ ልጁን አጭርና ብርቱ ሩጫ አስለመደው ማለት ነው። ክለቡ በአንድ እጁ ይቆጥራል፣ በሌላ እጁ የፍጥነት መለኪያ ራዳር ይዞ ማን እንደሚያድግ ይወስናል።

ልጁስ ምን ያድርግ? እስከ 2020 ድረስ በሲንግል ኤ እርከን ዝቅተኛው ክፍያ በሳምንት 290 ዶላር ነበር፣ እሱም ውድድር ሲኖር ብቻ የሚከፈል። አሜሪካን አገር 290 ዶላር ምን እንደሚገዛ እዚያ ዘመድ ያለው ይጠይቅ። ተጫዋቾቹ በማኅበር ከታቀፉ በኋላ በ2023 በተፈረመው ስምምነት በዓመት 26,200 ዶላር ገባ፤ ለትሪፕል ኤ ደግሞ 35,800። እሰየው ነው። ቢሆንም በሜጀር ሊግ ዝቅተኛው ደሞዝ በዚያው ዓመት 720,000 ዶላር ነበር። በመካከል ያለው ገደል ይህን ያህል ከሆነ፣ ክርኑን ያመመው የ20 ዓመት ልጅ ለሐኪሙ ይናገራል? አይናገርም። አንድ ማይል ጨምሮ ይወረውራል እንጂ። እኛስ ብንሆን እንዲያ አናደርግም?

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል ግሬግ ማደክስ አለ። ሰውየው ፍጥነቱ የሚያስደነግጥ አልነበረም። በ1985፣ በ19 ዓመቱ፣ ፒዮሪያ ለሚባል የማይነር ሊግ ቡድን 186 ኢኒንግ ወረወረ፤ ዛሬ በዚያ ዕድሜ ይህን የሚፈቅድ ክለብ አይገኝም። በ1987 ዋናው ሊግ ላይ 6 አሸንፎ 14 ተሸነፈ፣ ማንም ግን አልጣለውም። ከዚያ ከ1992 እስከ 1995 በተከታታይ አራት ዓመት የምርጥ ወርዋሪነቱን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ፤ በ23 የውድድር ዓመት 355 ጨዋታ አሸነፈ። ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ጥገና አላስፈለገውም። ሁሉም ሰው ማደክስ ይሆናል እያልኩ አይደለም፤ እንደሱ ያለ ጭንቅላት በየዓመቱ አይወለድም። ነገር ግን ዛሬ በዚያ ፍጥነቱ ቢመጣ መልማዮቹ ራዳራቸውን አይተው ወደሚቀጥለው ልጅ ማለፋቸው አይቀርም ብዬ እሰጋለሁ። እኔ ብሆን በማይነር ሊግ ላለ ልጅ የምከፍለው ጉርሻ በስንት ማይል እንደወረወረ ሳይሆን ስንት ወር ሳይታመም እንደተጫወተ ታይቶ ይሆን ነበር።

አሁን የሁሉም ዓይን ያለው ፖል ስኪንስ ላይ ነው። ፒትስበርግ በ2023 በአንደኛ ምርጫ ወሰደው፤ በ2024 መጀመሪያ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በሦስት በሦስት ኢኒንግ አለማምዶ ግንቦት ላይ አሳደገው። በሐምሌ ወር ሚልዋኪ ላይ 7 ኢኒንግ ሙሉ አንድም መቺ ኳሷን በወጉ መትቶ ቤዝ ላይ ሳይደርስበት 99 ውርወራ ላይ አስወጡት። ደጋፊው ታሪካዊ ጨዋታ አመለጠኝ ብሎ ተበሳጨ፣ ፒትስበርግ 1 ለ 0 አሸነፈ። በ2025 ሳይ ያንግን ወሰደ። ቀጥታ ኳሱ ግን እስከ 100 ማይል ትገባለች። የክንዱ ነገር ከተነሳ ሊጠየቅ የሚገባው ማርክ ፕራየር ነው፤ ያ በ25 ዓመቱ የጠፋው ልጅ በ2020 የዶጀርስ የወርዋሪዎች አሰልጣኝ ሆኖ በ2024 እና በ2025 ዋንጫ ሲበሉ እዚያው ነበር። በነዚያ ሁለት ዓመታትም ከዶጀርስ ወርዋሪዎች ብዙዎቹ በጉዳት ተኝተው ከርመዋል።