አቤቱታችንን ማን ይጽፈዋል?

አንዲት ተማሪ በሒጃቧ ምክንያት ከትምህርት ቤት በር ስትመለስ ማኅበረሰባችን ሁለት ነገር ያውቅበታል፤ ዱዓ ያደርጋል፣ ድምፁን ያሰማል። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይጎድለናል። ማን፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ እንደከለከላት መዝግቦ፣ የተጣሰውን አንቀጽ ጠቅሶ፣ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው የሚያደርስ ሰው የለንም። መምህር በነበርኩበት ጊዜ ተማሪዎች የደረሰባቸውን እያለቀሱ ነግረውኛል። በወረቀት የቀረ ነገር ግን አልነበረም፤ እኔም አላስቀረሁም።

ይህ ሙያ በትምህርት የሚገኝ ነው። በአህጉራችን በዘርፉ ከታወቁት አንዱ በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ነው። የተቋቋመው በአፓርታይድ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ ከ2000 ጀምሮ በአፍሪካ ሰብዓዊ መብትና ዴሞክራሲ ላይ የሚያተኩር የአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። ከተለያዩ የአፍሪካ አገራት የመጡ ተማሪዎች የመጀመሪያውን መንፈቅ ፕሪቶሪያ አብረው ይማራሉ። በሁለተኛው መንፈቅ በሌሎች አገራት ወዳሉ አጋር ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳሉ። በአጋርነት ከተሳተፉት አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተመሳሳይ ፕሮግራም ለአውሮፓ ቬኒስ፣ ለዓረቡ ዓለም ደግሞ ቤይሩት ላይ አለ።

አገር ማቋረጥ ለምን አስፈለገ? የመብት ጉዳይ በአንድ አገር ሕግ ብቻ ስለማይቋጭ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ይደነግጋል። አንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆኑ ይናገራል። ከእነዚህ አንዱ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ነው። አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚሽን መቀመጫው ጋምቢያ፣ ባንጁል ሲሆን ከግለሰብም ከድርጅትም አቤቱታ ይቀበላል። ሆኖም በቻርተሩ አንቀጽ 56 መሠረት አቤቱታው በመገናኛ ብዙኃን ዜና ላይ ብቻ የተመሠረተ መሆን የለበትም። አለአግባብ ካልተጓተተ በቀርም በአገር ውስጥ ያለው የፍትሕ መንገድ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ፎቶ ለዚህ አይበቃም።

ሌላም ትርፍ አለው። ከሌላ አገር ልጅ ጋር አንድ ክፍል የተቀመጠ ሰው የሌላውንም በደል ይማራል። ይኸው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1999 በሱዳን ላይ በሰጠው ውሳኔ ሙስሊም ያልሆኑ ዜጎች የሃይማኖት ነፃነታቸው እንደተጣሰ አረጋግጧል። ለእኛ መብት የምንጠቅሰው አንቀጽ 8 ያን ጊዜ የቆመው ለእነርሱ ነበር። ይህ ለእኛ አዲስ ሊሆን አይገባም። ሒልፈል ፉዱል የተመሠረተው መካ ውስጥ ወገን ያልነበረው እንግዳ ነጋዴ ተበድሎ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት በቃል ኪዳኑ ተገኝተዋል፤ ከነቢይነታቸው በኋላም አወድሰውታል።

«ይህ ትምህርት ከእምነታችን የማይሄድ ሐሳብ ይዞ ይመጣል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። የሚያከራክሩ ነጥቦች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን ክርክሩ በሚካሄድበት ክፍል ያልተገኘ ሰው መልስ አይሰጥም።

መሰናክሉ ሌላ ነው። የፕሪቶሪያው ማስተርስ በዋናነት የሕግ ምሩቃንን የሚቀበል ነው፤ እንደ እኔ ኢስላማዊ ጥናት የተማረ ሰው በቀጥታ አይገባበትም። የቬኒሱ ግን የሌላ መስክ ምሩቃንንም ይቀበላል። ስለዚህ ሥራው ቀድሞ መጀመር አለበት። ሕግ ለመማር የሚያስብ ልጅ ያለው ወላጅ ያበርታታው። ለመስጂድ ግንባታ ሚሊዮኖች የሚያዋጣ ጀመዓ ለአንድ የሕግ ተማሪ የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍያና የጉዞ ወጪ መሸፈን አያቅተውም። እስከዚያው እያንዳንዱ መድረሳና መስጂድ አንድ መዝገብ ይክፈት፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የምስክሩን ስም ይያዝ። ነገ ተምሮ የሚመለሰው ልጅ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ መዝገብ ነው። ወላሁ አዕለም።