የዝቅተኛ ከፍታ የኬሚካል ርጭት አደጋና የኅብረተሰቡ ድርሻ

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ በሶማሌ፣ በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ሰብልና ግጦሽ ባጠቃበት ወቅት ሄሊኮፕተሮች ለአሰሳና ለኬሚካል ርጭት ተሰማርተው እንደነበር ይታወሳል። የርጭት በረራ ከሌሎች በረራዎች የሚለየው በከፍታው ነው።

ኬሚካሉ በነፋስ ተወስዶ ካልታለመ ቦታ እንዳያርፍ አብራሪው ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብሎ ይበራል። ሄሊኮፕተር ሞተሩ ቢጠፋም፣ ሲወርድ የሚገጥመው አየር ክንፉን እያሽከረከረለት ሊያርፍ ይችላል፤ ይህ ግን በቂ ከፍታ ወይም ፍጥነት ይሻል። በዝቅተኛ በረራ ይህን ለማድረግ ፋታ አይገኝም። ሌላው ከባድ ሥጋት የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ምሰሶው ቢታይ እንኳ ቀጭኑ ሽቦ ከማሳው ጋር ተመሳስሎ ከአብራሪው ዓይን ይሰወራል።

ስለሆነም አደጋን የመከላከል ሥራ የሚጀምረው ከበረራው በፊት፣ በመሬት ላይ ነው። ርጭት በሚካሄድበት አካባቢ የሚኖሩ ዜጎች አዲስ የተዘረጋ መስመር ካለ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አስቀድመው ቢጠቁሙ የሰው ሕይወት ይተርፋል። ከብቶችንና የንብ ቀፎዎችን ማራቅ፣ ርጭቱን ለመመልከትም ወደ ማሳው አለመጠጋት ይገባል።

አደጋ ከደረሰ ለፖሊስ ወዲያውኑ ማሳወቅ፣ ክንፉ መሽከርከሩን ሳያቆም አለመቅረብና የፈሰሰ ኬሚካል አለመንካት ያስፈልጋል። ሰው ለማዳን ካልሆነ በቀር ስብርባሪውን ማንሳት አይገባም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ መሠረት የአደጋ ምርመራ ዓላማ ጥፋተኛን መለየት ሳይሆን ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ ሲሆን፣ ለዚህም መርማሪዎች ስፍራውን እንደነበረ ማግኘት ይኖርባቸዋል።