ይድረስ፣ ቫሌንሲያን ሊጎበኙ ላሰቡ አንባቢ



ቫሌንሲያን የሚያውቋት በሩጫዋ ይሆናል። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ግማሽ ማራቶንን በ1፡02፡52 ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው፣ ሲሳይ ለማም በ2023 ማራቶኑን በ2፡01፡48 ያሸነፈው በዚህችው የስፔን የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።) በኅዳር መጨረሻ ማራቶኑን ሊያዩ ከሄዱ አንድ ሁለት ቀን ትርፍ አያጡም። ደብዳቤዬ ስለዚያ ትርፍ ቀን ነው።

ጣሪያ የሌለውን ባለ ፎቅ አውቶቡስ ይተዉት። የአሮጌው ከተማ መንገዶች አያሳልፉትም፤ ስለዚህ ዳር ዳሩን እየዞረ የተቀዳ ድምፅ ያሰማዎታል። የተቀዳ ድምፅ ደግሞ ጥያቄ አይመልስም። በእግር ከሚያስጎበኝ ሰው ጋር ይሂዱ። ጃንጥላ ይዘው አደባባይ ላይ የሚጠብቁት አስጎብኚዎች «ነጻ» የሚሉት ጉብኝት አለ፤ ነጻነቱ ግን የስም ነው። ዋጋው አልተቆረጠም እንጂ አስጎብኚው የሚኖረው መጨረሻ ላይ በሚሰጡት ገንዘብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጎብኚ ላገናኘው ድርጅት በሰው ቁጥር ከኪሱ ይከፍላል። ሁለት ሰዓት ሲከተሉት ቆይተው በመጨረሻዋ ደቂቃ ሹልክ ማለት ነውር ነው።

ቀን መምረጥ ከቻሉ ሐሙስን ይምረጡ። ቀትር ላይ በካቴድራሉ የሐዋርያት በር ፊት የውሃ ችሎት ይሰየማል። ዳኞቹ ጥቁር ልብስ ያጠለቁ ገበሬዎች ናቸው፤ የመረጧቸውም እንደ እነርሱ በመስኖ የሚያርሱ ሰዎች ናቸው። ከቱሪያ ወንዝ የተጠለፉት የስምንቱ ቦዮች ስም በየተራ ይጠራል፤ ከሳሽ ካለ ይቀርባል። ክርክሩ በቃል፣ በቫሌንሲያ ቋንቋ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ዩኔስኮ በ2009 መዝግቦታል። አብዛኛውን ጊዜ ከሳሽ ስለማይኖር ነገሩ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ካሜራውን ደግኖ የጠበቀው ቱሪስትም «በቃ ይኸው ነው?» እያለ ይበተናል። እኔ ግን የችሎቱ ክብር ሥራ መፍታቱ ይመስለኛል። ዋርካ ሥር ሽማግሌ ሲያስታርቅ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አስተርጓሚም ብዙ አያስፈልገው።

ካቴድራሉ ውስጥ ደግሞ ጌታ በጸሎተ ሐሙስ የያዘው ነው የሚባል ጽዋ ያሳዩዎታል። ታቦተ ጽዮንን ማንም በማያይበት አገር ላደገ ሰው፣ እንዲህ ያለ ነገር በመስታወት ውስጥ ለሁሉም መታየቱ ትንሽ ግር ይላል። ጽዋው ወደ ካቴድራሉ የገባው በ1437 ከንጉሥ አልፎንሶ 5ኛ ንብረት ነው። ይህን ስም ይያዙልኝ።

አልፎንሶ በ1427 በዚህችው በቫሌንሲያ ከአጼ ይስሐቅ የተላኩ መልእክተኞችን ተቀብሏል። አዎ፣ የእኛው አጼ ይስሐቅ! የመጡበት ጉዳይ ቀላል አልነበረም፤ በእስላም መንግሥታት ላይ እንተባበር፣ በጋብቻ እንተሳሰር፣ የእጅ ሙያ ዐዋቂዎችንም ላክልን የሚል ነበር። አልፎንሶ ባለሙያዎቹን ላከ፤ አልደረሱም። በ1450 ለአጼ ዘርዓ ያዕቆብ በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው 13ቱም መንገድ ላይ አልቀዋል።

ከዚያ ዘመን ዛሬ የሚታየው ጥቂት አይደለም። ከ1392 እስከ 1398 የተሠራው የሴራኖስ በር መልእክተኞቹ ሲደርሱ 30 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። 207 ደረጃ የሚያስወጣው የካቴድራሉ ግንብ፣ ሚጌሌቴ፣ ያኔ ገና ግንባታው አላለቀም ነበር። የሐር ገበያው አዳራሽ በእርግጥ ያምራል፤ እንደ ገመድ የተገመዱ የሚመስሉ ዓምዶቹን ሳያዩ አይመለሱ፤ ግን ሥራው የተጀመረው በ1482 ስለሆነ እነዚያ ሰዎች አላዩትም።

የንጉሡ ቤተ መንግሥት ግን የለም። በ1810 ከናፖሊዮን ጦር ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ከተማዋን የሚከላከሉት ወገኖች ራሳቸው አፈረሱት፤ ቦታው አሁን መናፈሻ ነው። ከአሮጌው ከተማ ማዶ ስለሆነና ፎቶ የሚያስነሳ ነገርም ስለሌለው የተለመደው የእግር ጉብኝት እዚያ አይደርስም። ለፎቶማ 107 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቀጭን ቤት ፊት ያቆሙዎታል!

ስለዚህ ወደ መናፈሻው ብቻዎን ይሻገሩ። የሚያልፉበት ሸለቆ በአንድ ወቅት ቱሪያ ይፈስበት ነበር። በጥቅምት 1957 ጎርፍ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ ወንዙ በደቡብ በኩል በተቆፈረ ቦይ እንዲሄድ ተደረገ። በደረቀው ወንዝ ውስጥ የመኪና መንገድ ሊሠራ ታስቦ ነበር፤ ነዋሪው እምቢ ብሎ አትክልት ቦታ አስደረገው። በጥቅምት 2024 ሌላ ጎርፍ ሲመጣ መሃል ከተማው ተረፈ፤ ከቦዩ ወዲያ ያሉት እንደ ፓይፖርታ ያሉ ከተሞች ግን ተጥለቀለቁ፤ በቫሌንሲያ አውራጃ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለ አትክልት ቦታው ውበት ብቻ ተናግሮ የሚያልፍ አስጎብኚ ግማሹን ነው የነገረዎት።

አሁን የምለምንዎትን ልንገርዎት። ሴራኖስ በር ሲደርሱ አስጎብኚውን «በ1427 ከኢትዮጵያ የመጡትን መልእክተኞች ታውቃቸዋለህ?» ብለው ይጠይቁት። ካወቀ ጉርሻውን ጨመር ያድርጉለት። ካላወቀ እርስዎ ይንገሩት፤ በደንብ፣ በስምና በዓመት፤ አስጎብኚ ጥሩ ታሪክ ከሰማ ለነገው ጎብኚ መናገሩ አይቀርም። ጉርሻውን ግን ያን ጊዜም እንዳይረሱ።

አክባሪዎ