ኳሱን መልሱላቸው

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወንድ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ይህን ያውቀዋል። ልጁ ቤት ውስጥ ሲዘል የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያውን በመወልወያ እንጨት ያንኳኳል፤ ግቢ ሲወርድ ደግሞ ጥበቃው ኳሱን ይቀማዋል። ታዲያ የት ይጫወት? በብዙ ግቢ ክፍት የነበረው ቦታ ሁሉ መኪና ቆሞበታል።

እኛ «ጨዋ ልጅ» የምንለው ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ነው። ስልክ ይዞ ሶፋ ላይ ተጎልቶ የሚውለውን ማንም «ረባሽ» አይለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያድርጉ ይላል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 31 ጨዋታን መብት ብሎታል።

መስታወት የሰበረ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ወላጁም ይክፈል። አራስ ያለችበት ቤት በር ላይ የሚጮህም ይገሠጽ። መሮጥና መሳቅ ግን ጥፋት አይደለም። (ሴቶቹንማ ገና በ5 ዓመታቸው «ቁጭ በይ» ብለን ጨርሰናል።) የነዋሪዎች ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር ይወስን፦ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት፣ የመኪና ማቆሚያው ግማሽ ለልጆች ይለቀቅ። የጥበቃው ሥራም ያን ሰዓት መኪና እንዳይገባ ማድረግ ይሁን።