አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ

ከዳብሊን እስከ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ገንዘብ ሳናዋጣ የምናልፈው ወር የለም። ለሐዘን፣ ለሕመም፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ግንባታ፣ አገር ቤት ላለ ትምህርት ቤት እንሰጣለን። መስጠቱንስ እናውቅበታለን። ለመሆኑ ከሰጠን በኋላ ገንዘቡ የማን ነው?

ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ የሰጪውም የሰብሳቢውም አይደለም፤ አደራ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ደንግጎታል። ሰጪው ዓላማውን ይወስናል፤ ባለአደራው ንብረቱን ለዚያ ዓላማ ያስተዳድራል እንጂ አይበላውም።

በጎ አድራጎት የሚያሰኘው ደግሞ ተጠቃሚው ሕዝብ መሆኑ ነው። ዕድራችን የአባላት መረዳጃ ነው። ለአንድ የታመመ ወገናችን የምናዋጣውም የጽድቅ ሥራ ነው፤ ከግብር ግን አይቀነስም።

በካሊፎርኒያ የዚህ አደራ ጠባቂ የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ነው። ከሃይማኖት ተቋማትና ከጥቂት ሌሎች በቀር፣ በጎ አድራጊ ድርጅት ንብረት በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ እዚያ መመዝገብ፣ በየዓመቱም ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ማቅረብ ያለበትን ሪፖርት ሦስት ዓመት በተከታታይ ካላቀረበ ከግብር ነፃ የመሆን መብቱን ያጣል። ቢፈርስም ቀሪው ንብረት ለሌላ በጎ ዓላማ ይውላል እንጂ የቦርድ አባላት አይካፈሉትም።

በጁላይ 2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በውጭ ያለነውን በቀን አንድ ዶላር ጠየቁ። ለዚሁ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ የተመዘገበው በአሜሪካ ሕግ ነበር። «ትረስት» ማለት አደራ ነውና፣ ስሙ ራሱ ገንዘቡ በምን ሁኔታ መያዝ እንዳለበት ይናገራል።

የእኛ ችግር ሒሳብ መጠየቅን እንደ ሐሜት መቁጠራችን ነው። ይሉኝታ ይዞን ዝም እንላለን፤ ከዚያ በየቡና ቤቱ እንተማማለን፤ በመጨረሻም ለቀናው ሰው ሳይቀር መስጠት እናቆማለን። በዚህ የሚጎዳው ገንዘቡን የሚጠብቀው ችግረኛ ነው።

ስለዚህ ወገኖች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ድርጅቱ ተመዝግቧል? ገንዘቡ የሚገባው በድርጅቱ ሒሳብ ነው ወይስ በግለሰብ? ቼኩ ላይ ስንት ሰው ይፈርማል? ያለፈው ዓመት ሪፖርት የታለ? የዐቃቤ ሕጉ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ስሙን ጽፎ መፈለግ ብቻ ነው። ሐቀኛ ባለአደራ ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ደብተሩን ያወጣል።